ባለቤት ያጡ ልብሶች

በዚያ ሚቲንግ ላይ አፌን ሰብስቤ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ካልጋሪ ከተማ፣ ከሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ብዙ በማይርቅ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ያን ጊዜ ኬር ኤይድ ነበርኩ፤ አረጋውያኑን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ማን ሻዩን በወተት እንደሚወድ፣ ማን ግራ እጁን ቀድሞ ካላስገባ ልብስ እንደማይገባለት፣ ማን ጠዋት ጠዋት ስሙን ሁለቴ ካልጠሩት እንደማይነሳ አውቃለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ለሦስት ቀን ኮርስ ሄዳ ስትመለስ የስታፍ ሩሙ ግድግዳ ላይ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አሰቀለች። ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ሳለችና እንደ ዳቦ ለአራት ከፈለችው። አንደኛው ላይ ማቀድ፣ ሁለተኛው ላይ መሥራት፣ ሦስተኛው ላይ መፈተሽ፣ አራተኛው ላይ ማስተካከል ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችና ከአራተኛው ተመልሶ ወደ አንደኛው የሚዞር ቀስት አደረገችበት። ነገሩ ቀላል ነው አለችን። አንድ ትንሽ ችግር ትመርጣላችሁ፤ መፍትሔ ታስቡለታላችሁ፤ በትንሹ ትሞክሩታላችሁ፤ ሠርቷል ወይስ አልሠራም ብላችሁ ታያላችሁ፤ ባያችሁት መሠረት ታስተካክሉና እንደገና ከመጀመሪያው ትነሣላችሁ።

እዚያ የተቀመጥነው ሁላችንም ሺፍታችን ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ የቀረን ሰዎች ነበርን። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ብዙ አይተናል። ፖስተር ይለጠፋል፣ ዶናት ይመጣል፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ፖስተሩ ላይ የአንዱ የልደት ካርድ ይለጠፍበታል። እና የትኛውን ችግር እንምረጥ ብላ ስትጠይቅ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ግን ያለፈው እሑድ ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

እሑድ የሆነው እንዲህ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ዕድሜያቸውን በባቡር ሐዲድ ጥገና የጨረሱ አንድ ረጅም ሽማግሌ አሉ። ሴት ልጃቸው በየሁለት ሳምንቱ ከሌዝብሪጅ ከተማ እየነዳች መጥታ ትጠይቃቸዋለች። የዚያን ቀን ስትመጣ አባቷ እጅጌው ክርናቸው ላይ የቀረ ሐምራዊ የሴት ሹራብ ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የጎረቤታቸው የአሮጊቷ ሹራብ ነው። ልጅቷ እናቴ የሠራችለት ግራጫው ሹራብ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ከጠፋ ወር እንዳለፈው፣ እኛን ላለማስቸገር ብለው እንዳልተናገሩ ነገሯት። ልጅቷ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ያንን ሐምራዊ ሹራብ ጠዋት ያለበስኳቸው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነበር፤ ቸኩዬም ነበር።

እና ሚቲንጉ ላይ እጄን አወጣሁና ልብስ ይጠፋል አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ ማቆም አላውቅም። ሰው ቤቱን ትቶ፣ ዕቃውን ትቶ፣ አንድ ቁም ሣጥን ልብስ ይዞ ነው እዚህ የሚገባው፤ እሱንም ካጠፋንበት ምን ቀረው አልኩ። ንግግሬን ስጨርስ ሥራ አስኪያጇ ማርከሩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። በዚያው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሆንኩ።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ መናገር አለብኝ። የነዋሪዎቹን ልብስ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው፤ ቤዝመንት ያለውን ላውንድሪ ለብቻቸው ይዘውታል። አስመራ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን በአማርኛ ተምረው፣ በሱዳን በኩል ካልጋሪ የደረሱ ሴት ናቸው። ሐበሾቹ ሁላችንም እትዬ ስለምንላቸው ፈረንጆቹ ስማቸው መስሏቸው እነሱም እትዬ ይሏቸዋል፤ የሥራ ባጃቸውን አይቶ ይሄ ደግሞ የማን ስም ነው ያለ አለቃ አለ። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት እንግሊዝኛ ካልከተትኩ አልጨርስም። ሺፍቴን ፊኒሽ አደረግኩ ስላቸው፣ ጨረስኩ ማለት ምን ነውር አለው ይሉኛል። ወፍራም መነጽር ያደርጋሉ፤ ከመታጠፊያው ጠረጴዛ ጎን ትንሽ ሬዲዮ አለቻቸው፤ አንሶላ ሲያጥፉ ጠርዙን በአገጫቸው ይዘው ነው።

ከሚቲንጉ በማግስቱ ወረቀትና ማርከር ይዤ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። እንደ ወትሮው እትዬ እንዴት አደሩ ብዬ ገባሁ። እሳቸው እያጠፉት ከነበረው ፎጣ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አሉኝ።

እርስዎ! ሰባት ዓመት ሙሉ አንቺ ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። እንኳን እኔን ሥራ አስኪያጇንም በልባቸው አንቺ የሚሉ ይመስለኛል። ክፉ ነገር ቢናገሩኝ መልስ እሰጥ ነበር፤ ለእርስዎ ግን ምን መልስ ይሰጣል? አንዱ ወሬኛ ሚቲንጉ ላይ ልብስ ይጠፋል መባሉን ነግሯቸዋል። ላውንድሪው ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ ልብስ ይጠፋል ማለት እትዬ ያጠፋሉ ማለት ሆኖ ነው የተሰማቸው። እንዲያ ማለቴ እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመርኩ። በትሕትና አዳመጡኝና፣ ማሽኑ ስለጨረሰ ይቅርታ እንዳደርግላቸው ጠይቀውኝ ጀርባቸውን ሰጡኝ።

እዚያው ቆሜ መጠየቅ ሲገባኝ ወደ ላይ ወጣሁና ዕቅዴን ለብቻዬ አወጣሁ። ልብስ የሚጠፋው ስሙ ስለሚለቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልብሶቹ ላይ በማርከር የሚጻፈው ስም ሁለቴ ሲታጠብ ይጠፋል። ስለዚህ በካውያ የሚለጠፍ ጠንካራ ሌብል አስመጣን። ሁለት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓታችን እየተቀባበልን የሁለተኛ ፎቅን ልብስ ሁሉ፣ እስከ ካልሲው፣ ሌብል ለጠፍንበት። ጣቴን ሁለት ቦታ ተቃጥያለሁ። ሰሌዳው ላይ ማቀድና መሥራት የሚሉት ላይ በአረንጓዴ ራይት አደረግኩባቸውና በራሴ በጣም ኮራሁ።

ከዚያ መፈተሽ መጣ። ከወር በኋላ ጠፋ የተባለውን ልብስ ስቆጥር ከበፊቱ ወር በሦስት በልጦ አገኘሁት። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። ያው ነው። ሌብሎቹ አንዳቸውም አልለቀቁም፤ ልብሱ ግን ከነሌብሉ ይጠፋል።

የዚያን ቀን ማርቲንዴል ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ ለልጄ ነገርኳት። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ውጤቱን ትንሽ ላሳምረው እያሰብኩ መሆኑን፣ ገና በሂደት ላይ ነው ብዬ ልጽፍ እንደፈለግኩ አልደበቅኳትም።

ከስልኳ ቀና ብላ አየችኝ። «ማም፣ ዌይት፣ ዘ ሆል ፖይንት እኮ እሱ ነው። ላይክ፣ ሳይንስ ክላስ ውስጥ ኤክስፐሪመንትሽ ካልሠራ አልሠራም ብለሽ ነው የምትጽፊው። ሠራ ካልሽ ነው ዜሮ የምታገኚው።»

ተመልሳ ስልኳ ውስጥ ገባች። እኔ ሽንኩርቱን ምክንያት አድርጌ ዓይኔን ጠራረግኩ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ በቀይ ማርከር፣ አልሠራም፣ በሦስት ጨመረ ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጇ መጥታ አነበበችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ደስ ያላት መሰለች። ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርሽም፤ ነገ ሁለተኛ ፎቅን ሌላ ሰው ይሸፍንልሽና አንቺ ቀኑን ሙሉ ላውንድሪ ውለሽ ሥራውን በዓይንሽ እዪው አለችኝ።

ወረድኩ። እትዬ ወንበር ስበው፣ «ይቀመጡ» አሉኝ። አሁንም እርስዎ ነኝ። አልተቀመጥኩም። ከረጢት ተሸክሜ፣ ካልሲ እያጣመድኩ፣ ፎጣ እያጠፍኩ ዋልኩ ብል ይቀላል፤ እውነቱ ግን እኔ አንድ ሳጥፍ እሳቸው አራት እያጠፉ የእኔንም ፈትተው ሲያስተካክሉ ነው የዋልነው።

ከማድረቂያው ጀርባ ረጅም የልብስ መስቀያ ዘንግ አለ። ባለቤት ያጡ ልብሶች የሚሰቀሉበት ነው። በዚያ በኩል ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቆጥሬው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ አንዱን ቀሚስ ለመስቀል ስጠጋ ሁሉም ልብሶች ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ትንሽ ወረቀት እንዳለች አየሁ። ወረቀቶቹን ድሮም አይቻቸዋለሁ፤ የማሽን ቁጥር ወይም የቀን ምልክት ነበር የሚመስለኝ። አንዷን ገልብጬ አነበብኳት። በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ ፊደሉ የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፈው ያምራል።

«አረንጓዴ የሴት ቀሚስ። ማክሰኞ። ከሁለተኛ ፎቅ በመጣ የፎጣ ከረጢት ውስጥ የተገኘ። ስም የለውም» ይላል።

የሚቀጥለውን አነበብኩ። ሰማያዊ ቢጃማ፣ የላይኛው ብቻ፣ ዓርብ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ። ቀጥሎ ያለው የወንድ ካናቴራ፣ ማክሰኞ፣ የፎጣ ከረጢት። ከዘንጉ ጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኳቸው። ማክሰኞና ዓርብ፣ ማክሰኞና ዓርብ።

ማክሰኞና ዓርብ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የገላ መታጠቢያ ቀን ነው። መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ አንዱን አጥበን ስናስወጣ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። ያወለቅነው ልብስ ወለል ላይ ይወድቃል፤ እርጥብ ፎጣው ላዩ ላይ ይወድቃል፤ ከአልጋ የተነሣው አንሶላም እዚያው ነው። ሁሉንም በአንድ ክንድ እንሰበስብና አጠገባችን ያገኘነው ከረጢት ውስጥ እንከተዋለን። አንሶላ ግን እኛ ጋ አይታጠብም፤ በከባድ መኪና ውጭ ወዳለ ትልቅ ማጠቢያ ይሄዳል። ፎጣ እዚሁ በፈላ ውሃ ይታጠብና በኃይለኛ ሙቀት ይደርቃል። ከአንሶላ ጋር የተጠቀለለ ልብስ ሕንፃውን ለቆ ይወጣል፤ ከፎጣ ጋር የተጠቀለለው ይቃጠላል ወይም ይኮማተራል። እትዬ የሚያድኑት ከማሽኑና ከመኪናው በፊት ዓይናቸው ያየውን ብቻ ነው። ሌብል ይህን ምን ያደርገዋል? ልብሱን ወደሚጠፋበት መንገድ የምልከው እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመት፣ ማክሰኞና ዓርብ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ይህን ሁሉ ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን ልንገር?» አሉ። ካልሲ ማጣመዳቸውን አላቆሙም። «ከረጢቱን የምትልኩት እናንተ። ልብስ ሲጠፋ ላውንድሪ የምትሉት እናንተ። እኔ ጻፍኩት። አንድ ቀን የሚያነበው ይመጣል ብዬ።»

«በአማርኛ?»

«እንግሊዝኛዬን ሰው ይስቅበታል። አማርኛዬን ማንም አይስቅበትም።»

እዚህ ሕንፃ ውስጥ ያንን ጽሑፍ ማንበብ ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ በአጠገቡ ስመላለስ ኖሬ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላነበብኩትም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ስለ ሚቲንጉ ብቻ ሳይሆን ስለ ከረጢቶቹም ጭምር፤ ብዙዎቹ ከእኔ እጅ የወጡ እንደሆኑ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ እትዬ። «የአንቺ ከረጢት ከአቋጣጠሩ ይታወቃል። እንደ አገልግል ነው የምታስሪው፤ ሁለቴ ጠምዝዘሽ። ለመፍታት ስንት ጊዜ ጥፍሬን ሰብረሽብኛል።»

አንቺ ብለውኛል። ከዚያ በኋላ ተቀመጥኩ።

ለሥራ አስኪያጇ ስነግራት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እንድተረጉምላት አደረገች። አንድ ሰዓት ያህል የተርጓሚነት ሥራ ሠራሁ። እያንዳንዱን በሰማች ቁጥር ጭንቅላቷን ይዛ ታዳምጥ ነበር። ይበልጥ የከበደኝ የፎቁን ባልደረቦቼን መጋፈጥ ነው። ስህተቱ ከእኛ ይጀምራል ስላቸው አንዷ ለአንድ ሳምንት ሰላም አላለችኝም፤ ሌላዋ አንቺ አሁን አለቃ ሆነሻል አለችኝ። እኔም ከእኔ ከረጢቶች ስለጀመርኩ፣ ወረቀት ወረቀቱንም ስላነበብኩላቸው፣ እየቆየ ቁጣው ወደ ሳቅ ዞረ። የማን ቋጠሮ ምን እንደሚመስል እትዬን ለመጠየቅ ቤዝመንት የወረዱም ነበሩ።

የሁለተኛውን ዙር ዕቅድ ያወጡት እትዬ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው የክፍል ቁጥሩ የተጻፈበት የመረብ ከረጢት ይኑረው አሉ፤ ልብሱ ሲወልቅ እዚያ ይገባል፣ ከነከረጢቱ ይታጠባል፣ ከነከረጢቱ ይደርቃል፣ ከነከረጢቱ ይመለሳል። ከሰው ልብስ ጋር የሚቀላቀልበት ሰዓት የለም። ሥራ አስኪያጇ ከአቅራቢ ድርጅት ለማዘዝ ብትጠይቅ ስድስት ሳምንት ይፈጃል ተባለች። እትዬ ለሙከራ የሚሆነውን እኔው እሰፋዋለሁ አሉ።

ቅዳሜ ከቤታቸው ወሰድኳቸውና ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ሄደን ነጭ የመረብ መጋረጃና ዚፕ ገዛን። በረዶው ገና መቅለጥ እየጀመረ ስለነበር ፓርኪንጉ ሁሉ ጭቃ ነው፤ ክንዴን ይዘው እየተራመዱ ስለ አስመራው አስተማሪያቸው አጫወቱኝ። የአማርኛ ድርሰት ይጽፋሉ፤ አስተማሪው በቀይ ያርምና ይመልስላቸዋል፤ እንደገና ጽፈው ይወስዳሉ፤ እንደገና ያርምላቸዋል። አንዷን ድርሰት አምስቴ እንደጻፏት፣ እያለቀሱ እንደጻፏት፣ አምስተኛው ላይ ግን አስተማሪው ምንም ሳይነካ እንደመለሰላቸው ነገሩኝ። ዛሬም ድረስ በቃላቸው ያውቋታል። ስለ ዝናብ ነው፤ መኪናው ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበነቡልኝ።

እኔ ከረጢቱን በአንድ ጊዜ ለፎቁ ሰው ሁሉ ለማዳረስ ፈልጌ ነበር። እትዬ እምቢ አሉ። «በአንድ ሰው ላይ ካልሠራ በአርባ ሰው ላይ ይሠራል?» አሉኝ። ማን ይሁን ስላቸው ሳያስቡ ሽማግሌውን መረጡ።

የመጀመሪያዋ ከረጢት በጣም ጠበበች። ልብሱ ተጨናንቆ ዳሩ ሲደርቅ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ወጣ። እትዬ ፈትተው አሰፏት። ሁለተኛዋ በደንብ አደረቀች፤ ነገር ግን ጓንት ባጠለቀ እርጥብ እጅ ዚፑ አልዘጋ አለን፤ እኛም ክፍት እየተውነው ልብሱ ማሽኑ ውስጥ ተበተነ። ዚፑ ወጥቶ ገመድ ገባለት። ሦስተኛዋ ጥሩ ነበረች፤ ግን መስቀያዋ በሩ ጀርባ ስለሆነ ሰውየውን ወንበሩ ላይ ትተን ስድስት እርምጃ መሄድ ነበረብን፤ ሰው ደግሞ ሲቸኩል ስድስት እርምጃ አይሄድም። መስቀያውን ነቅለን ከመታጠቢያው ወንበር አጠገብ ተከልነው። እያንዳንዱን ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ክቡ በቀይና በአረንጓዴ ተሞላ። አራተኛው ሳምንት ላይ የሽማግሌው ልብስ አንድም ሳይቀር ተመለሰ።

ያን ጊዜ እትዬ ከረጢቷን እኔ ራሴ ካላደረስኩ አሉ። ወደ ፎቅ ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ከጠረጴዛቸው መሳቢያ በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲገልጡት ግራጫው ሹራብ ነው። ከፎጣ ጋር ገብቶ፣ በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ የአራት ዓመት ልጅ ልብስ አክሏል። ክሩ ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። ያገኙት ከማድረቂያው ሲወጣ ነው፤ በዚህ መልክ መመለሱ ካለመመለሱ ይብሳል ብለው ይሁን፣ አቃጠሉት እንዳይባሉ ፈርተው ይሁን፣ እሳቸውም በደንብ አያውቁትም። ደብቀውት ነበር።

ሽማግሌው መስኮታቸው ጋ ነበሩ። እትዬ ከረጢቷን አልጋው ላይ አስቀምጠው ሹራቡን በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። አንቺ ተናገሪልኝ ብለውኝ ነበር፤ ሲደርሱ ግን ራሳቸው በእንግሊዝኛ፣ ይቅርታ፣ በጣም ትንሽ ሆነ አሉ። ሽማግሌው ተቀበሏቸውና ጉልበታቸው ላይ አነጠፉት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«ሚስቴ በጣም አጭር ነበረች» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «አሁን ለእሷ ልክ ይሆናታል።»

ከዚያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እትዬ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባቸው አይመስለኝም፤ ግን እሳቸውም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ የሽማግሌውን ከረጢት የሚያደርሱት እትዬ ሆኑ። ብዙ አይነጋገሩም፤ ቋንቋቸው አይገናኝም። አንዳቸው የባቡር መጽሔት ሲያገላብጡ ሌላዋ አሥር ደቂቃ አጠገባቸው ቁጭ ብለው እግራቸውን ያሳርፋሉ።

ከረጢቶቹ ለሁለተኛ ፎቅ ሁሉ፣ ከዚያ ለሦስተኛው ተዳረሱ። በበጋው የሌሎች መኖሪያ ቤቶች ሥራ አስኪያጆች ሊያዩ መጡና እኔና እትዬ እንድናስረዳቸው ተጠየቅን። እትዬ የሚናገሩት በአማርኛ ከሆነ ብቻ እንደሆነ አሳወቁ። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው መጡ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። አራተኛው የክቡ ክፍል ጋ ሲደርሱ፣ ከዚያ እናርመዋለን አሉ። እኔ እናስተካክለዋለን በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተረጎምኩት። እትዬ እንግሊዝኛውን ለካ እየተከታተሉኝ ኖሯል፤ እጃቸውን አንሥተው አቋረጡኝ።

«እንደሱ አይደለም። ማስተካከል አንዴ አስተካክለሽ የምትሄጂበት ነው። ማረም በያቸው። አስተማሪ ድርሰት እንደሚያርመው። ገበሬም ማሳውን ያርማል፤ አረሙ ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል፤ ተመልሶ ያርመዋል። ይህን ንገሪልኝ።»

ለሁለቱ የሚሆን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጌ አጣሁ። እንግዶቹን ይቅርታ ጠይቄ ረዘም አድርጌ አስረዳኋቸው፤ በእኛ ቋንቋ ፈተና የሚያርም አስተማሪና አረም የሚነቅል ገበሬ የሚሠሩት ሥራ አንድ ስም እንዳለው። አንዷ ሥራ አስኪያጅ ደብተሯን አውጥታ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። እትዬ አጠገቤ ቆመው ጻፍኩት አልጻፍኩት እንደሆነ በመነጽራቸው ሥር ይከታተሉ ነበር። በእኛ ሰሌዳ ላይ ከአራቱ ቃላት ጎን አራት የአማርኛ ቃላት የተጻፉት ከዚያ በኋላ ነው፤ በእሳቸው እጅ።

ልብስ መጥፋት ቆሟል ብል ውሸት ነው። ካልሲ አሁንም ይጠፋል፤ ካልሲ ለምን እንደሚጠፋ እትዬም አያውቁም። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ለአንድ ሳምንት ሁሉንም ነገር የአንሶላ ከረጢት ውስጥ ይከታል፤ እሱንም ቤዝመንት ወርዶ አንድ ቀን እንዲውል እናደርገዋለን። ግን ባለፈው ክረምት አንዲት አሮጊት ወደ ልጃቸው ቤት ሲዛወሩ ልጃቸው ሲገቡ የተመዘገበውን የልብስ ዝርዝር ይዞ ሻንጣቸውን ሞላ፤ አንድም ልብስ አልጎደለም። ሰውየው እንደ ተራ ነገር አመስግኖን ሄደ። ለእኛ ግን ተራ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጇ ዶናት አመጣች።

እትዬ አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚሠሩት። እኔም ኬር ኤይድነቱን ትቼ እንዲህ ያለውን ነገር መከታተል ሥራዬ ሆኗል። ቢሮዬ የስታፍ ሩሙ ጥግ ላይ ያለች ጠረጴዛ ናት። ከዚህ ወር ጀምሮ የያዝነው ችግር ቁርስ ነው፤ የአጃው ገንፎ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው። ክዳን ሞክረን አልሠራም። ጋሪውን ቀይረን ትንሽ ተሻለ። አሁን ሊፍቱን ነው የጠረጠርነው። እትዬን ላማክራቸው ቤዝመንት ወርጄ ነበር። ከገንፎው ጋር አብረሽው ወጥተሽ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ነገ ጠዋት ከወጥ ቤቱ ጀምሬ ከጋሪው ጋር አብሬ ልወጣ ነው። እሳቸውም ነገ የሥራ ቀናቸው ባይሆንም እመጣለሁ ብለውኛል። በዚህ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ ስድስት ተኩል ላይ ቤታቸው ሄጄ እወስዳቸዋለሁ።